ስለ ቢንያም ውጤት የምጠይቅህ አለኝ

ይድረስ ለወዳጄ ለሰሎሞን፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ እንደተቀየምኸኝ አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ዛሬ እንድጽፍልህ ያስገደደኝም ችግር መሆኑን አልደብቅህም። የሰፈሩንና የሥራዬን ወሬ ሌላ ቀን አጫውትሃለሁ፤ አሁን የማወራህ ኳስ መምታት ስላስተማርኸው ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ ቢንያም ነው።

ለሥራ ቅጥር የአካል ብቃት ፈተና ይዘጋጅ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ምንም እንቅስቃሴ ሳያደርግ ከርሞ፣ ጉንፋኑም ገና በቅጡ ሳይለቀው፣ አንድ ማለዳ ከጓደኞቹ ጋር የጦሳን ተራራ በሩጫ ወጣ፤ ከላይ ሲደርሱም እየተፎካከሩ ቁጭ ብድግ ሲሠሩ ረፈደባቸው። በማግስቱ ጭኖቹ አብጠው ደረጃ መውረድ አቃተው፤ ለሕመሙም ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዝቶ ዋጠ። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ እንደ ቡና ጠቁሮ ወጣ። እናቴ እቴቴ ይህን ስታይ «ወፍ ነው» ብላ ቆረጠች፤ የዚያኑ ዕለት ሰው ልካ ከአንድ መድኃኒተኛ ዘንድ በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት አስመጣች።

እኔ ሥራ ላይ ስለነበርሁ ጎረቤት አንድ ክሊኒክ ወሰደው። እዚያም የጉበት ምርመራ ታዘዘለት፤ ኤስጂኦቲ የተባለው ኢንዛይም 1,180፣ ኤስጂፒቲ የተባለው 310 ሆኖ፣ ሁለቱም ከልክ በላይ ተገኙ። ከሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ነጻ ነው። ወረቀቱ ላይ አጣዳፊ የጉበት ብግነት ተብሎ ተጻፈ፤ ቅባት እንዳይበላና እንዲያርፍ ተነግሮት ወደ ቤት ተመለሰ። ስለ እግሩ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ማታ ቤት ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ዓይኑን ነበር፤ ነጩ ክፍል ፍጹም ነጭ ነው። የክሊኒኩ ወረቀት ላይም፣ በወፍ በሽታ ጊዜ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን 0.7 ብቻ መሆኑን አነበብሁ። ወፍ ነው የተባለ ሰው ዓይኑም ቢሊሩቢኑም እንዲህ ከሆነ ሽንቱን ምን አጠቆረው? ናሙናውን ይዤ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ ተመለስሁ። የሽንት መመርመሪያ ስትሪፑን ነክሬ ሳወጣው የቢሊሩቢኑ ክፍል ቀለሙን ሳይለውጥ ቀረ፤ የደሙ ክፍል ግን ወዲያው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሦስት ፕላስ አሳየ። ከዚያም ሽንቱን በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሬ ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ አየሁ፤ አልፎ አልፎ ከሚታይ ቡናማ ካስት (በኩላሊት ቱቦ ውስጥ የረጋ ቅርጽ) በቀር ቀይ የደም ሴል የሚባል የለም። የደሙ ሴረምም፣ ማለት ከሴሎቹ የተለየው ፈሳሽ፣ አልቀላም፤ ጥርት ያለ ነው። ስትሪፑ የደሙን ሄሞግሎቢንና የጡንቻውን ማዮግሎቢን ለይቶ እንደማያውቅ ለአንተ መንገር አያሻኝም። የጡንቻውን ኢንዛይም ሲፒኬን ስንሠራው ናሙናውን ደጋግሞ ማቅጠን ግድ ሆነ፤ 58,000 ወጣ፤ ጡንቻው ፈርሷል ማለት ነው። የጤናማ ሰው ከ200 ብዙም የማያልፍ መሆኑን እያሰብሁ ቁጥሩን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። የኩላሊት መለኪያው ክሬአቲኒን 2.1፣ ፖታሲየሙ 5.6 ሆነው ሁለቱም ከፍ ብለው ነበር። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል አስተኛነው፤ ሽንቱ በሰዓት ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር እንዲሆን ጉሉኮሱ ያለማቋረጥ ተሰጠው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ተሽሎታል። ሽንቱ ጠርቷል፤ ሲፒኬው ወደ 7,000 ወርዷል፤ ክሬአቲኒኑ 1.3 ሆኗል። እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ጧት በተሠራው ምርመራ ኤስጂኦቲው 120 ሲሆን ኤስጂፒቲው 190 ነው። የዎርዱ ሐኪም ይህን አይቶ፣ ኤስጂፒቲው ከኤስጂኦቲው ስለበለጠ ሥረ ነገሩ ጉበት ሳይሆን አይቀርም፣ ሲወጣም በጉበት ሕመም ክትትል ይጻፍለት አለ። ሐኪሙ ትጉህና ቅን ልጅ ነው፤ ሌሊት ሌሊት እየተነሣ የሽንቱን መጠን የለካለት እሱ ነው። በዚህ ግን ልስማማለት አልቻልሁም።

ምክንያቴን ልዘርዝርልህ፣ ከተሳሳትሁ አርመኝ። ሁለቱም ኢንዛይሞች ጡንቻ ውስጥ አሉ፤ ኤስጂኦቲው በብዛት፣ ኤስጂፒቲው በመጠኑ። ጡንቻው ሲፈርስ ሁለቱም ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ ነገር ግን ከደም የሚወጡበት ፍጥነት አንድ አይደለም። የኤስጂኦቲ መጠን በ17 ሰዓት ገደማ በግማሽ ሲቀንስ፣ ኤስጂፒቲ ግን ለዚያው 47 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ እጥፍ ድርብ የነበረው ኤስጂኦቲ ቶሎ ወርዶ፣ ዘገምተኛው ኤስጂፒቲ ከላይ መቅረቱ የሚጠበቅ ነው፤ ጉበቱ ዛሬ መታመም ስለጀመረ አይደለም። ኤስጂኦቲው ከሲፒኬው ጋር እየተከታተለ መውረዱም ምንጫቸው አንድ መሆኑን ያሳየኛል። ጡንቻ ውስጥ የሌለውን የጉበት ኢንዛይም ጂጂቲን አሠራሁ፤ 24፣ ልከኛ ነው። ጉበት የሚሠራው አልቡሚን 4.2፣ የደም መርጋት መለኪያው አይኤንአር 1.0 ነው፤ ጉበቱ ሥራውን አላቋረጠም ማለት ነው።

ደግሞስ ኤስጂኦቲን የጉበት ብቻ ያደረገው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1954 ላዱ፣ ቭሩብሌቭስኪና ካርመን ኒውዮርክ ላይ ይህን ምርመራ ለሕክምና ሲያስተዋውቁ የለኩት ድንገተኛ የልብ ሕመም (ኸርት አታክ) የመታቸውን ሰዎች ደም ነበር፤ ልብም ጡንቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የ215 ታማሚዎች ጥናት ደግሞ ጡንቻቸው ከፈረሰባቸው ሰዎች መካከል ኤስጂኦቲው ከፍ ያለው በ93 በመቶ፣ ኤስጂፒቲው ከፍ ያለው በ75 በመቶ እንደሆነ አሳይቷል። ክብደት ማንሣት ያልለመዱ ጤነኛ ወንዶች አንድ ጊዜ ብቻ ክብደት አንሥተው ኢንዛይሞቹ ቢያንስ ለ7 ቀን ከፍ ብለው እንደቆዩባቸው፣ ጂጂቲያቸውና ቢሊሩቢናቸው ግን እንዳልተለወጠ እ.ኤ.አ. በ2008 ተጽፏል። የቢንያም ነገር ከዚህ የሚለየው በመጠኑ ነው።

በጡንቻ መፍረስ ላይ ጉበት ፈጽሞ አይጎዳም እያልሁ እንዳይመስልህ። ሙቀት የመታው፣ የደም ግፊቱ ወርዶ የቆየ ወይም ፓራሲታሞል ያለ ልክ የወሰደ ሰው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አብረው ሊመጡ እንደሚችሉ አምናለሁ። በቢንያም ላይ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። ካለና እኔ ካልታየኝ በግልጽ ንገረኝ፤ አልከፋም።

ይህን ያህል የምሟገተው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ወረቀቱ ነው። ይህ ልጅ ሥራ ሊቀጠር ሲሄድ የሕክምና ማስረጃ ይጠየቃል፤ የጉበት ሕመምተኛ የሚል ቃል አንዴ ከተጻፈበት ማን ይፍቅለታል? ሁለተኛውና የባሰው ዱቄቱ ነው። እቴቴ ከሐኪሙ አፍ ጉበት የሚል ቃል በሰማች ጊዜ «አላልኋችሁም?» አለች፤ ያንን ቋጠሮ ከቤት አምጥታ ትራሱ ሥር እንዳስቀመጠች ዛሬ አየሁ። በውስጡ ምን እንዳለ መድኃኒተኛው አልተናገረም። ከዲክሎፌናኩም ከማዮግሎቢኑም ገና ማገገም በጀመረ ኩላሊት ላይ፣ ጤነኛ በሆነ ጉበት ላይ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሥር ሲጨመርበት ለማየት አቅሙ የለኝም። ቀማኋት እንዳልል እናቴ ናት፤ የምታደርገውም ልጇን ስለምትወድ ነው። ብዙ አስረዳኋት፤ «አንተ ሐኪም አይደለህም» አለችኝ።

እንዴት እንደምለምንህ ስቸገር ቆይቼ ነው እዚህ የደረስሁት። ይህን ያህል ጠፍቼ፣ ስመጣም እንዲህ ያለ ሸክም ይዤ መምጣቴ ያሳፍረኛል። ግን እቴቴ የአንተን ቃል ከቄሱ ቃል እኩል እንደምትሰማ አንተም ታውቃለህ፤ እስከ ዛሬ «ሰሎሞን ልጄ ቢኖር» ትላለች። እባክህ በዚህ ሳምንት ደውልላት፤ ስልኳ አልተለወጠም። ስለ ኢንዛይም አታንሣባት። የታመመው እግሩ መሆኑን፣ ሽንቱን ያጠቆረው ከእግሩ የመጣ መሆኑን፣ ወፍ ቢሆን ኖሮ ዓይኑ ቢጫ ይሆን እንደነበር ብቻ ንገራት፤ ዱቄቱንም ኩላሊቱ እስኪድን አቆይው በላት። ዓይኑን ራሷ ገልጣ ትይ፣ ያን ጊዜ ታምንሃለች።

ለእኔ ደግሞ ጻፍልኝ። ኤስጂፒቲውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሲፒኬው ጋር አብሮ መድገም ይበቃል ወይስ ሌላ የምታስጨምረው አለ? ጓደኞቹ ያንኑ ሁሉ ሠርተው ደኅና ሲሆኑ እሱ ብቻ መውደቁን ጉንፋኑና ክረምቱን መቀመጡ ያስረዳሉ፣ ወይስ የተደበቀ የጡንቻ ሕመም ልንፈልግ ይገባናል? ከልምምድስ ለምን ያህል ጊዜ ይታቀብ? በሁለት መስመር መመለስ ልማድህ እንደሆነ አልረሳሁም፤ የዛሬውን ግን ዘርዘር አድርገህ ጻፈው፣ ለዎርዱ ሐኪም ላነብለት እፈልጋለሁና።

ወንድምህ አበበ
ደሴ