ፈገግታ ፈቃድ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ወንዶችና ሴቶች አንዱ የሌላውን የወሲብ ፍላጎት እንዴት እንደሚረዱ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በግምት ላይ የቆመ በመሆኑ፣ በጥናት የታወቀውን ጥቂት ነገር ላስታውስ እወዳለሁ። አንቶኒያ አቢ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ለጥቂት ደቂቃዎች ሲነጋገሩ ሌላ ወንድና ሌላ ሴት ተሰውረው ይመለከቷቸው ነበር፤ የሴቲቱን ተራ ወዳጅነት ወንዶቹ፣ ተነጋጋሪውም ተመልካቹም፣ ከሴቶቹ ይልቅ ወደ ማማለል አስጠግተው ተረጎሙት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርቲ ሄዝልተንና ዴቪድ በስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረቡት ማብራሪያ፣ በዝግመተ ለውጥ ሂደት ለወንዱ ዕድል ማምለጡ በከንቱ ከመሞከር የበለጠ ኪሳራ ስለነበረው ግምቱ ወደ ማጋነን አዘነበለ ይላሉ። ይህ እውነት ቢሆን እንኳ የዝንባሌን ምንጭ ይነግረናል እንጂ ድርጊትን አያጸድቅም። «ፈገግ ብላልኛለች» የሚለው ማመካኛ በሥራ ቦታም ሆነ በትምህርት ቤት ብዙ ሴቶች ትሕትና ለማሳየት እንኳ እንዲፈሩ ስላደረገ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

ይበልጥ ሊነገር የሚገባው ግን ተመራማሪዋ ኤሚ ሚዩዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ለረጅም ጊዜ አብረው በኖሩ ጥንዶች ላይ ያገኙት ውጤት ይመስለኛል። በእነዚህ ጥንዶች መካከል ወንዶቹ የአጋሮቻቸውን ፍላጎት ከእውነተኛው አሳንሰው ይገምቱ ነበር። አዲስ ሰው ፊት የሚያጋንነው ግምት በቤት ውስጥ ሲያንስ፣ ምናልባትም እምቢታን ከመፍራት የተነሳ፣ ሁለቱም ዝም ብለው ይቀራሉ። ስለዚህ ጋዜጣው ስለ ፈቃድ በሚያወጣቸው ጽሑፎች ለባለትዳሮችም ቦታ እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ