የቅዳሜው የጣቢያዎች ዳታ ሥራ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ቅዳሜ ፒያሳ በለመድነው ካፌ ተገናኝተን የዳባት፣ የደባርቅና የጭልጋ የአየር ሁኔታ ጣቢያዎችን የክረምት ዳታ አንድ ፋይል ላይ እናዋህዳለን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሁን፤ የ3 ሰዓቱን ዝናብ የሚለኩት ጨርሰው ይደርሳሉ።

ላፕቶፕ፣ ፍላሽና የእጅ መዝገቡን ይዛችሁ ኑ። መዝገቡን አደራ! ባለፈው ዳባት ላይ ሎገሩ (ልኬቱን በራሱ የሚመዘግበው መሣሪያ) ሦስት ቀን ሙሉ 0 ሲጽፍ ሰነበተ፣ ሰፈሩ ግን በጭቃ ተውጧል፤ ሄደን ስናየው የዝናብ መለኪያው አፍ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኗል። ያዳነን የእጅ መዝገቡ ነው። ዳታ የጠፋበትን ቀን ባዶ ተዉት እንጂ 0 አትሙሉበት፣ 0 ማለት ዝናብ አልጣለም ማለት ነው።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። ሎገሮቻችን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ስለሚሠሩ 06:00 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው (እኔም አንዴ ተሸውጃለሁ)። ቀኑን ሁላችንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጻፍ።

ሌላው የደባርቁ ጣቢያ ባትሪ ነው። ሌሊት ሌሊት እየጠፋ ስለሆነ ማን ሄዶ እንደሚቀይረው እዚያው እንወስናለን።

የምትመጡም የማትመጡም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። የማይመጣ ሰው ፋይሉን በቴሌግራም ይላክ፣ የመዝገቡን ገጽም ፎቶ አንስቶ።