የሸማኔን እጅ ማን ይቆልፋል?

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፣

የሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች ጥለት እየተሰራረቅን መቸገራችንን አስነብባችኋል። ከተቸገሩት አንዷ እኔ ነኝ። ሸማኔው ለአንድ ሱቅ ብቻ እንዲሠራ በውል ይታሰር የሚለው መፍትሔ ግን አልተዋጠልኝም።

አምና ለሠርግ ያወጣሁትን አረንጓዴ ጥለት ወር ሳይሞላ ሁለት ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ አየሁት። አንዱ ቴሌግራም ላይ ከለጠፍኩት ፎቶ የተቀዳ ነው። ቀለሙን አግኝተውታል፤ ጠርዙ ግን ተኮማትሮ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ክሩ የት ጠብቆ የት እንደሚላላ ፎቶ አይናገርማ! ሁለተኛው ቁርጥ የእኔው ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው እንዲያውም መስቀሉ ዙሪያ እኔ ያላሰብኳት ቀጭን የወርቅ መስመር ገብታበታለች። የሠራው የእኔው ሸማኔ ነው፤ የምንከፍለው በቁራጭ ስለሆነ ለጎረቤቴም ይሠራል። ስቆጣው፣ «እትዬ፣ ታዲያ እጄን ቤት ትቼ ልሂድላቸው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። መስመሯን ግን በሚቀጥለው ሥራ እኔም አስገባኋት። ጎረቤቴ ይህን ካነበበች ይቅር ትበለኝ።

እኔ የምሰጠው ቀለምና ሐሳብ ነው። የሽመናው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ፣ ስንቱ ተነሥቶ ስንቱ እንደሚታለፍ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ዶርዜ እያለ ከአባቱ ጎን ቁጭ ብሎ የተማረው። አንዱ ቤት ያገኛትን ብልሃት ሌላው ቤት ይዟት ይገባል። ደንበኛ ከአሜሪካ ድረስ «ሽሮ ሜዳ» ብሎ የሚያዘው በዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ዲዛይን በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ማስመዝገብ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ጥበቃው 5 ዓመት ሆኖ እስከ 15 ዓመት ይታደሳል። በእኛ ገበያ ግን አንድ ጥለት ከፋሲካ እስከ እንቁጣጣሽ ከዘለቀ ዕድሜ ጠገበ ነው። ሕጉ ቢጠነክር የምመኘው ጥለታችንን ፖሊስተር ላይ አትሞ ከውጭ በሚያስገባው ላይ ነው። እሱ ከእኛ ይወስዳል እንጂ አንዲት መስመር አይጨምርልንም።

ሸማኔ ላሥር የሚል ነጋዴ ገበያ ሲቀዘቅዝም ይክፈለው። እኔ አቅሙ የለኝም።

ጽሑፋችሁ ላይ የተናገርነው ባለሱቆች ብቻ ነን። በሚቀጥለው ጊዜ ዳገቱን ትንሽ ወጣ ብላችሁ ሸማኔዎቹንም ጠይቁ። የእኔው ፈቃደኛ ነው፤ ብቻ አሁን የሽመና ዕቃው ላይ ያለውን ጥለት ፎቶ እንዳታነሡብኝ።

የሀበሻ ልብስ ነጋዴ፣ ከሽሮ ሜዳ