ምች ነው ብለሽ አትተኚ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2002 ዓ.ም.

ልጄ ሆዴ፣

ዛሬ የኅዳር ሚካኤል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ በጭስ ተሸፍኗል፤ የጎረቤት ልጆች ቆሻሻውን አጥሩ ሥር ከምረው ለኩሰውታል። አያቴ በ1911 በኅዳር በሽታ ጊዜ ቀባሪ እንኳ ታጥቶ ነበር ትለኝ ነበር። ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ ነው የምጽፍልሽ።

ረቡዕ ስትደውዪ ስታስዪ ሰማሁ። «ጉንፋን ነው እማዬ፣ ዳማከሴ ላኪልኝ» ብለሽ ሳቅሽ። ስለ አሳማው ጉንፋን ስጠይቅሽ ደግሞ «እኛ አሳማ አንበላ» ብለሽ ቀለድሽብኝ። በሽታው የሚመጣው በሥጋ አይደለም፤ በሳልና በእጅ ነው። አንቺ ቀኑን ሙሉ የመኪና ማቆሚያ መስኮት ላይ ተቀምጠሽ የሰው ገንዘብ ስትቀበዪ ትውያለሽ። ያውም የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆነሽ! ትኩሳት ከተሰማሽ ምች ነው ብለሽ አትተኚ።

ሬዲዮ እሰማለሁ እኮ። ሚያዝያ ላይ ሜክሲኮ ሲሉ ሩቅ መስሎኝ ነበር። በሰኔ እዚህ ገባ፤ መጀመሪያ የተገኘባቸውም ከእናንተ ዘንድ፣ ከአሜሪካ፣ የመጡ ሁለት ልጆች ናቸው። አሁን በዓለም ላይ በምርመራ የተረጋገጠው ሟች ብቻ ከ6,000 በልጧል። አሜሪካኖቹ ያልተመረመረውን ጨምረው ሲገምቱ፣ እናንተ ጋ ብቻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ወደ 4,000 ሰው ሞቷል፤ ከ500 በላይ የሚሆኑት ልጆች ናቸው። ጉንፋን እኔን መሰል አሮጊት ሲወስድ ነው የምናውቀው። ይኼኛው ግን በወጣቱና በነፍሰ ጡሯ ይበረታል፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ነው የሚገድለው።

የሳንባ ምች። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

አክስትሽን ብርቄን የምታውቂያት ሳሎን ካለው ፎቶግራፍ ነው። በትኩሳት ሞተች ብዬሻለሁ። እርጉዝ እንደነበረች ግን አልነገርኩሽም። በ1967 ክረምት «ሐኪም ቤት ውሰጂኝ» ስትለኝ «ምች ነው፣ ያልፋል» አልኳት። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፌ፣ በመዳፌ አሽቼ ግንባሯን ቀባኋት፤ ጭማቂውን በቡና አጠጣኋት። ሁለት ቀን እንዲህ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ ሲቆራረጥ ነው ታክሲ የፈለግሁት። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ «የሳንባ ምች ነው፤ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለኝ። መዳፌ ገና አረንጓዴ ነበር።

አባትሽ እንኳ ይህን አያውቅም። አትንገሪው።

ክትባቱን ለነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ እየሰጡ ነው ብለሽኛል፤ እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? በአፍንጫ የሚረጨውን ቢያቀርቡልሽ እምቢ በይ፣ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ በመርፌ የሚሰጠውን ጠይቂ። ጓደኞችሽ «ፅንሱን ይጎዳል» ይሉሻል፤ ትኩሳቱ ሲመጣ ግን ማናቸውም አጠገብሽ አይተኙም። ታሚፍሉ የሚባለው መድኃኒትም በሁለት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። ስለዚህ በዚያው ቀን ሂጂ። አለቃሽ ቢቆጣ ይቆጣ። ምች ነው ብለሽ አትተኚ፣ የእኔ ዓለም።

ማክሰኞ የነቢያት ጾም ይገባል። የንስሐ አባታችንን ጠይቄልሻለሁ፤ አትጾሚም። እንቁላልሽን ብዪ።

እትዬ አልማዝ ነገ ማታ ትበራለች። በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ሰጥቻታለሁ። ሽሮውን እርጥበት እንዳያገኘው ክዳን ባለው ጠርሙስ ገልብጪው። መርፌውን በተወጋሽ ቀን ደውዪ፤ ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ።

ዳማከሴውን አልላክሁም።

እናትሽ