የገጠር መንገድ ቦይ በግንቦት ይጠረግ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መኪና ደርሶባቸው የማያውቁ ቀበሌዎች ከወረዳ ከተማ ጋር ተገናኝተዋል። ግን እህል ዋጋ በሚያወጣበት በነሐሴ ስንቱ መንገድ አይሱዙ ያሳልፋል? ዩሪያው በአህያ ይወጣል፣ ወላድም በቃሬዛ ትወርዳለች።

በጠጠሩ ማነስ ሲሳበብ እንሰማለን። መንገዱን የሚጨርሰው ውሃ ነው። 6 ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር መንገድ መሀሉ ከጠርዙ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ሲባጎና ውሃ ልክ ላለው ሰው ይህን መለካት የደቂቃ ሥራ ነው። ይህ ጉብታ ሲጠፋ ውሃው ወደ ቦይ መውረዱን ትቶ የጎማ ፈለግ ይከተላል። በሰሜን ሸዋና በምሥራቅ ጎጃም ዋልካ ላይማ ሥሩ አንዴ ከራሰ፣ ከላይ የተደፋው ሰሌክት (ለመንገድ የተመረጠ ጠጠራማ አፈር) ጭቃው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።

ውሃውን ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፈው ቱቦም የሚደፈነው በደለል ብቻ አይደለም። መውጫው ላይ ድንጋይ ካልተነጠፈ ውሃው የታችኛውን ማሳ ሸርሽሮ ቦረቦር ያወጣል፤ ባለማሳው ታዲያ ሌሊት ድንጋይና ሣር ጠቅጥቆ ይዘጋዋል። (እኛም ብንሆን እንዘጋው ነበር።) 60 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ውስጥ ሰው ገብቶ መጥረግ ስለማይችል እንደተደፈነ ይከርማል፣ ውሃውም መንገዱን አቋርጦ ይጥሰዋል።

ወረዳው ገንዘብ የለኝም ይላል፤ አብዛኛው በጀት ደመወዝ መሆኑ እውነት ነው። ያለችውም ግን የምትወጣው ያለጊዜዋ ነው። በጀቱ ሐምሌ 1 ሲከፈት ክረምቱ ገብቷል። ግዥው ሲንከባለል ሰኔ ይደርስና፣ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ ጠጠሩ በራሰ መሬት ላይ ይደፋል። ሪፖርቱ "ተጠግኗል" ይላል።

ግዥው በመስከረም ተጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ይለቅ። ጠጠሩ ከጥር እስከ መጋቢት ይነጠፍ፣ ውሃ በቦቴ እየተርከፈከፈ ይጠቅጠቅ፤ በደረቁ የተጠቀጠቀ በፋሲካ አቧራ ሆኖ ይበናል።

ቦይ ለመጥረግ ግን ቦቴም ሮለርም አያስፈልግም። ለተፋሰስ ዘመቻ ከሚወጣው የሕዝብ ጉልበት 3 ቀን ለግንቦት አጋማሽ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ለየ2 ኪሎ ሜትሩ አንድ የአካባቢው ሰው በወርሃዊ ክፍያ ቢያዝ ዶማ፣ አካፋና የእጅ ጋሪ ይበቃዋል። የተዛቀው አፈር መንገዱ ትከሻ ላይ አይከመር፣ በመጀመሪያው ዶፍ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ይገባልና፤ ወደ ቁልቁለቱ ይጣል። ክፍያውም ቦዩ ተለክቶ ይሁን፣ በፊርማ አይሁን። ከዶፍ በኋላ መንገዱ እስኪጠነፍፍ ለከባድ መኪና በሰንሰለት ይዘጋ። ቁልፉን ያው ቦይ ጠራጊ ይያዘው፤ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ዝግ ነው።

ከገጠር መንገድ ጥገና ባለሙያዎች