ደብተርህ እኔ ጋ ነች

ረድዋን ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ስድስት ዓመት ሞላን። ቆጥሬው ደነገጥኩ።

እናትህ ማረፋቸውን የሰማሁት በዚያው ሳምንት ነው። ስልኬን አንስቼ ቁጥርህን አወጣሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ። ከወር በኋላ ደግሞ መደወሉ ራሱ አሳፈረኝ። አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው። ሐረር የወሰድከኝ ጊዜ በጠዋት ቀስቅሰው ያጠጡኝ የቡና ቅጠል ቁጢ እስካሁን አፌ ላይ አለ። ይቅር በለኝ። ስንገናኝ አንገትህን አቅፌ አለቅሳለሁ፤ በደብዳቤ ግን ከዚህ በላይ አልችልበትም።

አሁን ወደ መጣሁበት ልሂድ።

ታሪኮችህን የጻፍክባት ሰማያዊዋ ባለ 50 ሉክ ደብተር እኔ ጋ ነች።

አዎ፣ እሷው። ስድስት ኪሎ ዶርም ውስጥ የሰውን ፍራሽ ሁሉ ያስገለበጥክባት። ያን ጊዜ እኔም አብሬህ ስፈልግ ነበር፤ የት እንዳለች በእውነት አላውቅም ነበር። ከተመረቅን በኋላ ቤት ሄጄ ካርቶኔን ስፈታ ከሃንድአውቱ መሃል ወጣች። የዚያን ዕለት መደወል ነበረብኝ። "ልመልስልህ እያሰብኩ ሳለ ዲቪ ደረሰኝ" ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ልመልስልህ አላሰብኩም። ወድጃት ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ከእናቴ በርበሬ አጠገብ ከትቼ ይዣት መጣሁ። እስካሁን በርበሬ በርበሬ ትሸታለች።

ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብለህ ዛሬ ምን አስለፈለፈህ ትለኛለህ። ልንገርህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ውስጥ ማታ ማታ እሠራለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና የለም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ረጃጅም ልብወለድ ሞከርኩ። አልሆነም። ለሦስት ቀን ካቋረጥኩት ክሩ ይጠፋብኛል። አንድ አጭር ታሪክ ግን ልክ የአንድ ብሬክ ያህላል። ሠላሳ ደቂቃ ተቀምጠህ አንድ ዓለም ገብተህ ትወጣለህ። ስለዚህ ከላይብረሪ የብዙ ደራሲ አጫጭር ታሪክ የተሰበሰበበትን መድበል መዋስ ጀመርኩ። የፋንታሲ፣ ማለትም የአስማትና የጂኒ ዓይነት ምናባዊ ታሪክ፣ መድበል ብቻ። ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው።

መድበል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሌላ ቦታ ከታተመው ውስጥ የዓመቱን ምርጥ የሚለቅም ነው። እሱም ጥሩ ነው፣ አልጠላውም። የኔ ፍቅር ግን ሌላው ነው። አዘጋጁ አንድ ሐሳብ ይይዝና ደራሲዎችን ይጠራል፤ እነሱም ለዚያ መጽሐፍ ብለው አዲስ ታሪክ ይጽፋሉ። ከአዘጋጁና ከጥቂት ሰው በቀር ማንም ሳያየው መጽሐፉ ውስጥ ይወጣል። ሁሉም የየቤቱን ወጥ ይዞ እንደሚመጣበት ድግስ ነው። አንዱ ጨው በዝቶበታል፤ አንዱ አልበሰለም። አንዱን ደግሞ ቀምሰህ "ይህን የሠራችው ማን ናት?" ብለህ ትጠይቃለህ። ያቺን አንድ ጉርሻ ፍለጋ ነው ዐሥራ ምናምኑን ታሪክ የማነበው። ያልጣመኝን አልፈዋለሁ። ማንም አይቀየመኝም።

አንዱን ብቻ ላንሳልህ። ሾን ስፒክማን የሚባል ሰው አለ፣ ከፋንታሲ ደራሲዎች ጋር የሚሠራ። በፈረንጆቹ 2011 ካንሰር ያዘው፤ የጤና ኢንሹራንስ አልነበረውም። እዚህ አገር ያለ ኢንሹራንስ ሆስፒታል መግባት ምን ማለት እንደሆነ የኛ ሰው ሁሉ ያውቃል። ወዳጆቹ ታላላቅ ደራሲዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ታሪክ በነፃ ሰጡት። እሱም ሰብስቦ በ2013 "አንፌተርድ" ብሎ አሳተመውና የሕክምና ዕዳውን ከፈለበት። ዕድር ማለት እኮ ነው! በገንዘብ ፋንታ ታሪክ የተዋጣበት ዕድር። የመጽሐፉን መግቢያ ሳነብ በዚያ ሌሊት አንተን አሰብኩ። ታምሜ ብተኛ ታሪክ የሚያዋጣልኝ አንድ ሰው ማን ነው ብዬ።

ግን ደብተርህን ከሻንጣው ሥር ያስወጣኝ እሱ አይደለም። ስለ ጂኒ ብቻ የተዘጋጀ መድበል አገኘሁ። በእንግሊዝኛ ነው፤ በኛ ቋንቋ ስሙ "ጂኒው ፍቅር ያዘው" ማለት ነው። በ2017 የወጣ፣ ማኅቬሽ ሙራድና ጃሬድ ሹሪን ያዘጋጁት። ስሙን ሳይ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ከላይኛው አልጋ ላይ ሆነህ "ዛሬ የየትኛዋን ጂኒ ልንገራችሁ?" ስትለን ትዝ አለኝ። እነዚያ ሁለቱ የጎጃም ልጆች አማትበው አማትበው "ቀጥል" ሲሉህ።

እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሳድ ሆሴን የሚባል የባንግላዴሽ ደራሲ አለ። ታሪኩ ወደፊት በሚመጣ ጊዜ ዳካ ከተማ ላይ ነው፤ አየሩ ተበላሽቷል፤ ድሃው ወደ ዳር ተገፍቷል። አንድ ሰውና አንድ ጂኒ ተባብረው ለድሃው ምግብ ቤት ይከፍታሉ። ርዕሱ "ማንኪያህን ይዘህ ና" ነው። በቃ። ጂኒው ተራራ አያፈርስም፣ ወርቅ አያወርድም። ያበስላል። ያንን አንብቤ ብሬኬ አልቆ እንኳ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ሊባኖሳዊ ዘር ያላት የካናዳዋ አማል ኤል ሞኅታር ደግሞ ከወፍ ወደ ወፍ እየተለወጠ ስለሚኖር ፍጡር ጽፋለች። አጭር ናት። ሰው አገር እየተለወጡ መኖር ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው በጣም ትከብዳለች። እሷን ሁለተኛ ለማንበብ ገና ድፍረት አላገኘሁም።

ሁሉም የየአያቱን ጂኒ ይዞ መጥቷል፤ የሐረር ጅብ ግን አላገኘሁበትም። ሰው ጂኒን ሲያስር፣ ሲለምን፣ ሲፈራ፣ ሲያፈቅር አነበብኩ። በየሌሊቱ ከተማ ገብቶ ጂኒ ለቅሞ የሚበላ አውሬ ግን ከእናንተ ከጀጎል ግንብ ሥር ብቻ ነው የማውቀው። ግንቡ ላይ ለጅብ ተብሎ የተተወውን ቀዳዳ በእጅህ እያሳየኸኝ "ይህ የከተማው መጥረጊያ መግቢያ ነው" ያልከኝን አስታወስክ? በአሹራ ገንፎ እንደሚቀርብላቸው፣ በአበላላቸውም የዓመቱ ነገር እንደሚታወቅ የነገርከኝ ያኔ ነው።

ሥራዬ እንዳለቀ ቤት ገብቼ ደብተሯን አወጣሁ። ሰባቱንም አነበብኳቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለቱ ደካማ ናቸው። የባቡር ጣቢያው ታሪክ አይረባም፤ ስለ እሷ ልጅ የጻፍከው ደግሞ ታሪክ ሳይሆን ልመና ነው። (እሷን አግብተሃታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ከሆነ ያልኩትን መልሼ ውጫለሁ።) የመጨረሻው ግን፣ የጅቡ፣ እስከዛሬ በሦስት ዓመት ካነበብኩት ሁሉ ጋር ቢሰለፍ አያፍርም። ወዳጄ ስለሆንክ አይደለም የምልህ። ጠዋት ጨርሼው እስከ ቀትር እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አንድ ጆሮው የተቀደደ ሽማግሌ ጅብ እንደ ልማዱ በቀዳዳው ገብቶ አንድ ጂኒ ይውጣል። ይሄኛው ጂኒ ግን አይሞትም። ለዘመናት ከአንድ ቤት ግድግዳ ጀርባ ሆኖ የሰፈሩን ጉድ ሲሰማ የኖረ ነው። ጅቡ ሊስቅ አፉን በከፈተ ቁጥር የሰው ምስጢር ይወጣል። ጅቡ ያፍራል። መሳቅ ይተዋል። ሌሎቹ ጅቦች ይሸሹታል። ሥጋ የሚያበላቸው ሽማግሌ ብቻ ነው አንድ ነገር እንደሆነ የገባው። ከዚያ ያቺ የመጨረሻዋ መስመር፦ "ሥጋውን በእንጨቱ ጫፍ አድርጎ ሲዘረጋለት ጅቡ አልበላም። ስሙን ጠራው።"

ከዚያ ባዶ ገጽ። ጥጉ ላይ የስታትስቲክስ ቀመር። ፈተና ደርሶብህ ነው ያቆምከው!

ሌላም የምናዘዘው አለ። ሳልጠይቅህ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ጀምሬያለሁ። ዐሥራ አንድ ገጽ ሆኗል። ለማንም አላሳየሁም። መጨረሻውንም ራሴ ልጽፍልህ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቴም ቀደድኩት። ሽማግሌው ምን ብሎ እንደሚመልስ አላውቅም። የእኔ ሽማግሌ እንደ አዲስ አበባ ሰው ነው የሚያወራው፤ ያንተው ሲያወራ ግን ግንቡ ይሰማኛል።

ስለዚህ ጨርስልኝ። የምለምንህ ይህንን ነው።

አሳትምልሃለሁ ብዬ ቃል አልገባም፤ እኔ ማን ሆኜ። ግን በሩ ዝግ አይደለም። በ2020 መዓዛ መንግሥቴ ስለ አዲስ አበባ ብቻ አንድ መድበል አዘጋጅታ አሜሪካ ታትሟል። የወንጀልና የጨለማ ታሪክ ነው እንጂ ፋንታሲ አይደለም፤ በዕውቀቱ ሥዩም አለበት፣ አዳም ረታ አለበት። በ2022 ደግሞ "አፍሪካ ራይዝን" የሚባል 32 አዳዲስ ታሪክ የያዘ የአፍሪካ ፋንታሲና ሳይንስ ልብወለድ መድበል ወጥቷል። ማውጫ ስከፍት ዐይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው የኛን ሰው ስም ነው። ክፍያም አለው። የአሜሪካ የሳይንስ ልብወለድና የፋንታሲ ደራሲያን ማኅበር በ2019 ዝቅተኛ የባለሙያ ክፍያ ብሎ ያስቀመጠው በአንድ ቃል 8 ሳንቲም ነበር። በዚያ ሒሳብ አምስት ሺህ ቃል 400 ዶላር መሆኑ ነው። አንድ ጅብ ግንብ እስኪሻገር ሦስት ገጽ ለምትፈጅ ለአንተ መልካም ዜና ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ፈልጌ እጄ ተያዘ። ስትነግረን ሁልጊዜ "እናቴ እንዳለችው" ብለህ ነበር የምትጀምረው። ምናልባት የጅቡን መጨረሻ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ምናልባት ደብተሯን በጊዜው ብመልስልህ ኖሮ ጠይቀሃቸው ነበር። ይህን ባልጽፈው ይሻል ነበር መሰለኝ። ግን አልሰርዘውም፤ ከዚህ በኋላ አንተን የምደብቅህ ነገር እንዲኖር አልፈልግም።

መጻፍ ትተህ ከሆነም ንገረኝ። አልቀየምም። ስልክ ደውለህ በአፍህ ንገረኝና እኔ እጽፈዋለሁ። እኔ የሌሊት ሰው ነኝ፤ አንተ ጠዋት ስትነሳ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ስልኬም ክፍት ነው። "ነገ" እንዳትለኝ ብቻ። ያንተን ነገ አውቀዋለሁ፤ አሁን ደግሞ የእኔንም አየኸው።

ደብተሯን በፖስታ አልልካትም፤ ትጠፋብኛለች ብዬ እፈራለሁ። የጅቡን ታሪክ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ ዛሬ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ቁጥርህ ያው ከሆነ ማታ ይደርስሃል። ዐሥራ አራተኛው ገጽ ላይ አንድ ቃል ማንበብ አቅቶኛል። "ጥላ" ነው ወይስ "ጥሎ"? እሷን መጀመሪያ ንገረኝ።

ያንተው ዳዊት