ማሲንቆውን ከግድግዳ አወረድኩት

ወንድሜ እንዴት ነህ? እንዴት ሰነበትክ ብዬ ለመጀመር እንኳን አፍሬአለሁ። አራት አመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። እናትህ ያረፉ ጊዜ ሰምቼ ቁጥርህን አውጥቼ መልሼ ስልኩን አስቀመጥኩት፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ ደግሞ ቪዲዮውን እያየሁ ያ የምንጫወትበት ቤት የቱ ጋ እንደነበር መለየት አቅቶኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ግን አንተ የት ገባህ ብዬ አልጠየቅኩም። ጥጋብ እንዳይመስልህ። ማሲንቆ መጫወት አቁሜ ነበር፣ እሱን ላንተ መንገር ሞት ሆኖብኝ ነው።

መጀመሪያ አሜሪካ ስመጣ ደህና ነበርኩ። ቀን ፓርኪንግ እሰራለሁ፣ አርብና ቅዳሜ ማታ ሬስቶራንት እጫወታለሁ፣ ጁላይ ላይ ደግሞ ያ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው አመታዊ የኢትዮጵያውያን የኳስ ዝግጅት ሲመጣ ሳምንቱን ሙሉ ስራ አለ። በኋላ ሰርጉ ሁሉ በአንድ ኪቦርድ ማለቅ ጀመረ። አንዱ ደጋሽ "ኪቦርዱ ላይ የማሲንቆ ድምፅ አለ እኮ፣ ለምን ለሁለት ሰው እንከፍላለን?" አለኝ። ድምፁማ አለ፣ ግን ኪቦርድ የሰው ፊት አያይም፣ የገባውን ሰው አይቶ፣ ሀዘኑንም ደስታውንም አውቆ ግጥም አያወጣለትም። የኛ ስራ እሱ አይደል እንዴ? ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አላወራሁም።

ከዛ ከፓርኪንግ ልጆች ጋር የጠጣነው እቁብ ሲደርሰኝ ከባለቤቴ ጋር ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ የእንጀራና የባልትና ሱቅ ከፈትን። እንጀራ እዚህ አገር ቀላል እንዳይመስልህ! ጤፉን ከአይዳሆ ነው የምናስመጣው፣ ክረምት፣ በበረዶው ጊዜ፣ ሊጡ አልነሳ ይላል፣ አይኑ አልወጣ ብሎ ስንት ቡሆ ደፍቻለሁ። ምጣዱ ራሱ ለኛ የተሰራ አይደለም፣ ዘራቸው ከኖርዌይ የሆነ አሜሪካኖች ሌፍሴ የሚሉትን የድንች ቂጣ የሚጋግሩበት ባለ 16 ኢንች የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፣ ያገሬ ሰው አይቶ እንጀራ ጋገረበት። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ እንጀራም አለ፣ ከሱ ጋር ነው የምንፎካከረው። ኪራዩ በየአመቱ ይጨምራል። ብቻ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቹን አስተማርንበት።

ማሲንቆው ግን ከካሽ ሬጂስተሩ በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ሰው ፎቶ ይነሳበታል። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ሊጥ እያማታሁ ጧ! የሚል ነገር ሰማሁ፣ ዞር ስል የሂተሩ ሙቀት ቆዳውን አድርቆት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ያ አንተና እኔ አብረን የወጠርነው ቆዳ ነው እኮ፣ ፀጉሩን አንተ የፋቅከው። እጄ ላይ ያለው ሊጥ እስኪደርቅ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

ኃይሉ መርጊያን ታውቀዋለህ፣ የዋልያስ ባንዱን ኪቦርድ ተጫዋች። እዚሁ ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ትራንክ ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ሲወጣ አለምን ዞረ። እኔን የሚያስቀናኝ መዞሩ አይደለም፣ ያ ትራንክ ነው። እሱ ስንት አመት በታክሲ ላይ ሳይለያት፣ የኔ እኮ ካናቴ በላይ ነበረች፣ እጄን ብዘረጋ የምደርስባት።

አወረድኳት። ፍየል የሚያርዱበት እርሻ ሄጄ ቆዳ ገዛሁ፣ ዘፍዝፌ ፋቅኩ፣ ወጠርኩ። የፈረስ ጭራው ግን ከቫዮሊን እቃ ቤት የገዛሁት ነው፣ ጭራው ላይ የሚታሸውን እጣንም ስላጣሁ የነሱን ሙጫ ቀባሁት፣ ድምፁ ቀጠነብኝ፣ አይሞላም።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ጓዳ ቁጭ ብዬ የባቲን ቅኝት ስሞክር አንዲት እናት እንጀራ ሊገዙ ገቡ። ሰሙኝና ፌስታሉን መሬት አስቀምጠው "ተቀበል!" አሉኝ። እዚህ አገር እንዲህ ያለኝ ሰው ስንት አመቱ! እንዲህ አሉ፦

እንጀራ ፍለጋ ባሕር ተሻግሬ፣
እንጀራው ተገኝቶ ራቀብኝ አገሬ።

እኔ ልቀበል አፌን ስከፍት ድምፄ አልወጣ አለ። ሶስቴ ደገሙልኝ፣ በሶስተኛው ተቀበልኩ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ፣ ባለቤቴም ምጣዱን ትታ መጣች። ከዛን ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እጫወታለሁ፣ በክፍያ አይደለም። ልጆቹ የባህል አርቲስት ነው ብለው ያስተዋውቁኛል፣ እኔ አዝማሪ ነኝ እላለሁ፣ ስድብ ያደረጉት ሌሎች ናቸው።

አሁን የማስቸግርህ ነገር፣ ጭራ ላክልኝ። ያ ድሮ የምትመርጠውን፣ ረጅምና ወፍራም፣ ከወንድ ፈረስ። ትንሽ እጣንም ጨምርበት። ለፋሲካ እዛ የሚመጣ ሰው አለ፣ ይደውልልሃል።

ስለ እናትህ በደብዳቤ አልልም፣ በአፌ ነው የማለቅስልህ። ከሌሊቱ አስር ሰአት ተነስቼ ምጣድ እለኩሳለሁ፣ እናንተ ጋ ያኔ እኩለ ቀን ገደማ ነው፣ ሱቁ ውስጥ እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። በዛ ሰአት ደውልልኝ፣ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

ወንድምህ